ሮያል ቾኬት በድምፅ የወረደ ዕለት

የቾኬትን ኮረብታ ተራራ ብሎ የሚጠራ ሰው ቢገኝ ወይ ቀልደኛ ነው ወይ አይቶት አያውቅም። አናቱ ላይ የቆመ ሰው ግርጌው ከቆመው ጋር ብዙም ሳይጮህ ያወራል። በሙቀቱ ወራት ላሞች ይግጡበታል፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ የኢስት ፔርሊ መንደር ሰው ሁሉ ስኪ የሚባለውን ረጅም የመንሸራተቻ ጣውላ እግሩ ላይ አስሮ ይንሸራተትበታል። ወደ ላይ የሚያወጣው አንድ ረጅም ገመድ ነው። ገመዱን የሚያዞረው ከአሮጌ የጭነት መኪና የተረፈ ሞተር ነው፤ በጓንትህ ጨብጠህ ትይዘዋለህ፣ እየጎተተ ያወጣሃል፣ ከለቀቅከው እዚያው ቀረህ። ከመንደሩ ወዲያ የከተማ ሰው የሚጎርፍበት ትልቁ ተራራ አለ፤ እዚያ በሽቦ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ነው የሚወጣው። ኢስት ፔርሊዎች ግን፣ «እዚያ ቀኑን ሙሉ ትሰለፋለህ፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ ትወርዳለህ» ይላሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ኮረብታውን የመነጠሩት የቾኬት ቤተሰብ አባት ናቸው። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ያቆየው ግን የበኩር ልጃቸው ሮያል ነው። በመንደሩ ስኪ የሚችል ሰው ሁሉ በሮያል ቾኬት ተሰድቦ ነው የቻለው። «ጉልበትህን እጠፍ! ምሰሶ ነህ እንዴ?» ይላል። «አንቺ፣ ወደ ኋላ አትንጋለይ፤ ወንበር ያቀረበልሽ ሰው የለም!» ይላል። የተሰደበው ልጅ ያለቅሳል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ላይ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ያኔ ሮያል ምንም አይልም፤ ቆቡን ብቻ ከፍ ያደርግለታል። ያንን ቆብ ለማስነሳት ስንቱ ክረምቱን ሙሉ ወድቋል!

ታናሽ እህቱ ሊዮና ሞተሩ ጋ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት፤ ዞር ሳትል በመስታወቱ እያየች አንድ ቃል ከተናገረች የአውቶቡሱ ልጅ ሁሉ ጸጥ ይላል። ከሮያል ፊት ግን እሷም እንደ ልጆቹ ናት። ስልሳውን አልፋ እንኳ ስትወርድ ካያት፣ «ክርንሽ! ክርንሽን ሰብስቢ፣ ዶሮ መሰልሽ!» ሳይል አያሳልፋትም።

የሮያል ዓይን መድከም የጀመረው ከመሃል ነው። መጀመሪያ የሰው ፊት ጠፋበት፤ ዳር ዳሩ ይታየዋል፣ መሃሉ ጭስ ነው። ባለፈው ክረምት በዚያች ዳር ዳር ብቻ እየወረደ ማንም አላወቀበትም ነበር። ዘንድሮ ጭሱ ዳሩንም ያዘው። የበረዶው ወራት ገና ሲጀምር ሮያል በመስኮት ሲያይ በረዶውንና ሰማዩን መለየት አቃተው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ሊዮና ያወቀችው ድስት ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ሲጨምር አይታ ነው።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ወደ ማድቤቱ ስትገባ ሮያል ስኪውን ጠረጴዛው ላይ ጋድም አድርጎ፣ የሥር ገጹን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ እንዲያንሸራትት ሰም ሲቀባው አገኘችው።

«ለማን ነው?» አለችው።

«ለቄሱ። ለማን ይሆናል? ለራሴ ነዋ!»

«ሮያል፣ ሹካህን ፈልገህ አታገኝም። ኮረብታ ልትወርድ ነው?»

«ሹካው ቦታ ይቀያይራላ። ኮረብታው የት ይሄዳል?»

የካቲት ላይ መንደሩ የበረዶ በዓሉን ሲያከብር መጀመሪያ የሚወርደው ሁልጊዜ ሮያል ነው። ዘንድሮም ያንን አስቧል። ሊዮና የሮያልን ሴት ልጅ ኮሌትን ጠራችና ሁለቱ ሆነው ሊያስተዉት ተቀመጡ። ኮሌት የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ዳሌው የተሰበረ ሰው ቀኑን ሙሉ ስታይ የምትውል ሴት ናት።

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ከወደቅክ አትነሳም እኮ። እኔ በየቀኑ የማየው ነው።»

«ስንት ጊዜ ወድቄ ተነስቻለሁ።»

«ያኔ አጥንትህ ሌላ ነበር።»

«ሊዮና፣ አንቺስ?» አለ ፊቱን ወደ እህቱ ድምፅ አዙሮ።

«ኮሌት ልክ ናት» አለች ሊዮና።

ሮያል ቢሳደብ ኖሮ በወደደች። አልተሳደበም። ስኪውን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ ግድግዳውን በክንዱ እየተከተለ ወደ ጓዳ ወሰደውና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ኮረብታው አንዲት ቃል አልወጣውም።

በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ዝናብ መጣ። ለዚያ አገር በየካቲት ዝናብ ማለት ለገበሬ በአጨዳ ወቅት በረዶ እንደመውረድ ነው፤ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ሌሊትና ቀን ጣለ። ዝናቡ ሲያባራ ኮረብታው እንደ አሮጌ ላም ጀርባ እዚህም እዚያም ተመልጦ፣ የሞተው ሣር ብቅ ብሎ ነበር። ወገቡ ላይ ያለው ምንጭም ተከፍቶ፣ ሰዉ ሁልጊዜ የሚወርድበትን የቀኝ ጎን ጭቃ አድርጎታል።

ጎረቤታቸው ኔልሰን ታትሮ፣ የላሞች ጌታ፣ ጭቃውን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ ቆቡን አወለቀ። «እንግዲህ ነፍስ ይማር። ዘንድሮ በዓሉን በአዳራሽ ውስጥ ባቄላ በልተን እንለያያለን።»

ሊዮና መልስ ሳትሰጠው ወደ ጎጆዋ ገባች፤ ግርጌው ላይ ሰዎች የሚሞቁባት፣ የእንጨት ምድጃ ያለባት ትንሽ የሳንቃ ጎጆ ናት። ሮያል ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሳሳውን ቦታ ፈትቶ፣ ጥማዙን በጥማዝ እየሰካ መልሶ እየገመደው ነው። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው፤ ጣቶቹ ግን አንዷን ጅማት አይስቱም።

«ኮረብታው አልቋል፣ ሮያል። ማን ሊጎተትበት ነው?»

«የሳሳ ገመድ ይጠገናል። የሚጎተትበት ሰው መኖር አለመኖሩ የገመዱ ጥፋት አይደለም» አለ። ጣራው እየተንጠባጠበ ነበር፤ እሱ ጠብታውን እየሰማ፣ የሚቀልጠውን በረዶ በጆሮው እየቆጠረ እንደሚሸኘው ታውቃለች።

ሊዮና ወጣች። ሰው ሲናደድ ሳህን ይሰብራል፤ እሷ ግን አካፋና የልጆች ተንሸራታች ሳጥን ይዛ ከኮረብታው ጀርባ ሄደች። እዚያ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በጥዱ ሥር፣ በረዶው ገና ወፍራም ነው። ዛቀች፣ ሳጥኑን ሞላች፣ እየጎተተች ዞራ መጥታ በተመለጠው ሣር ላይ ገለበጠችው። የእፍኝ ያህል መሰለ። ተመልሳ ሄደች።

ኔልሰን አጥሩን ተደግፎ ሲያያት ቆየ።

«ሊዮና፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ኮረብታውን በማንኪያ ልታለብሺው ነው?»

«አፍህን ዝጋና ትራክተርህን አምጣ!»

የአውቶቡሱ ድምፅ ነበር። ኔልሰን በልጅነቱ ያንን አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ስለሆነ እግሩ ሳይጠይቀው ሄደ። ትራክተሩን አስነስቶ ተመለሰ፤ ከኋላው የፍግ ማመላለሻውን ጋሪ ጎትቷል።

«ታጥቧል?» አለችው በጥርጣሬ።

«ዝናቡ አጥቦታል። ሽታው እንደሆነ ለከተማ ሰው ነው እንጂ ለኛ ምናችን ነው!»

በማግስቱ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ሰው አካፋውን እየያዘ መጣ። አንዱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ሥር የተከመረውን በረዶ በጭነት መኪናው አመጣ፤ ሌሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ፣ ልጆች በረዶ ላይ ከሚጫወቱበት ሜዳ ዳር፣ ከየጓሯቸው። እንዲህ ያለ ደቦ ለድርቆሽ እንጂ ለበረዶ ተጠርቶ አያውቅም። ከሥር ያለው ይዝቃል፣ ከላይ ያለው ይበትናል፣ ስኪ ያለው ደግሞ በጎን በጎኑ እየረገጠ ያጠብቃል። ኔልሰን እያንዳንዱን ጋሪ ሲገለብጥ፣ «ይኸ ከእከሌ ቤት ነው፤ የውሻ ነገር ካለበት እሱን ጠይቁ» እያለ ያስቃል። ሮያል ጎጆዋ ውስጥ ገመዱን እየገመደ ሳቁን ይሰማ ነበር፤ አልወጣም።

የተገኘው በረዶ ግን ኮረብታውን ሁሉ አላለበሰም። የወጣው አንዲት ነጭ መንገድ ብቻ ነች፤ ከአናት እስከ ግርጌ፣ ጎንና ጎኗ የሞተ ሣር፣ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን። ምንጩ ጋ ስትደርስ ጭቃውን ሸሽታ በግራ በኩል ትዞራለች።

ቅዳሜ ማታ ሊዮና ኮሌትን በስልክ አነጋገረቻት። «ነገ አባትሽን አወርደዋለሁ» አለች። ኮሌት ጮኸች። ሊዮና አዳመጠች፣ አዳመጠችና፣ «የኔ ልጅ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ቀኑን ሙሉ በረዶ ተሸክሞ ሲውል አባትሽ ምድጃ ሥር ተቀምጦ ሰማ። በቁሙ ነው የቀበርነው። ከወደቀ አብረን እናነሳዋለን» አለቻት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ነገ ትወርዳለህ። ከኋላህ ሆኜ እነግርሃለሁ።»

«ማን ለመነሽ?»

«ማንም። መንገዱ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ስማኝ። ምንጩ ጋ ወደ ግራ ነው።»

«ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ ወደ ቀኝ ነው።»

«ዘንድሮ በቀኝ ጭቃ ነው!»

«እሺ፣ እሺ። ሰምቻለሁ» አለ፤ ያልሰማ ሰው በሚልበት አኳኋን።

እሑድ፣ የበዓሉ ቀን፣ ፀሐይ ወጣች። ሰው ሁሉ ግርጌው ላይ ተሰብስቧል። ሮያል ገመዱን ሲጨብጥ ያየ ሰው ዕውር ነው ብሎ አያምንም፤ እጁ ገመዱን እንደ ወዳጅ እጅ ነው የተቀበለው። ሊዮና ሞተሩን ለኔልሰን ትታ፣ ከኋላው ሆና አብራው ወጣች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ነፋሱን በፊቱ ፈለገ፣ ጉልበቱን እጥፍ አደረገ።

«ሂድ» አለችው፤ ሄደ።

ያንን አወራረድ ሊዮና ዕድሜዋን ሙሉ አይታዋለች። ግን ሁልጊዜ እየተሰደበች ወይም ስድብ እየጠበቀች ስለነበር በወጉ አይታው አታውቅም። ሰውዬው በረዶውን አይጫነውም፤ ይዳብሰዋል። ትከሻው ጸጥ ያለ ነው፤ ከወገቡ በታች ያለው ብቻ ነው የሚሠራው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። «ቀኝ… ቀጥ… ቀጥ…» ትላለች። ይታዘዛል። ምንጩ ጋ ደረሱ። «ግራ! ሮያል፣ ግራ!» አለች።

እግሩ ወደ ቀኝ ዞረ።

ከበረዶው ወጣ፣ ሣሩ ስኪውን ያዘው፣ ሮያል ቾኬት በግንባሩ ጭቃው ውስጥ ገባ። ከታች ኮሌት፣ «አባዬ!» ብላ ስትጮህ ተሰማ። ሊዮና እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ አጠገቡ ተንበርክካለች።

«ዳሌህ? ሮያል፣ ዳሌህን!»

«ዳሌዬ ደህና ነው። አፌ ነው ጭቃ የሞላው።» ተፋ። ተነስቶ ተቀመጠ። ከፂሙ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ «ግራ ብለሽኛል?» አላት።

«ግራ ብዬሃለሁ።»

«ሰምቼሻለሁ። እግሬ ነው ያልሰማሽ።» እጁን ዘረጋ፤ ጭቃውን፣ የሞተውን ሣር፣ ከዚያ ራቅ ብሎ የበረዶውን ጠርዝ ዳሰሰ። ፊቱ ላይ ሊዮና አይታው የማታውቀው ነገር መጣ። ፍርሃት ነው ብላ ነበር። አልነበረም። ሊማር የተቀመጠ ሰው ፊት ነው። «በይ ንገሪኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከላይ ጀምረሽ ንገሪኝ። ምን ዓይነት ነው?»

እዚያው ጭቃው ዳር ተቀምጣ ነገረችው። መንገዷ የት እንደምትጠብ፣ የት የኔልሰን ጋሪ አብዝቶ እንደገለበጠና ጉብታ እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በረዶ የት እንደተረገጠና እንደጠነከረ። ሮያል በጣቱ መዳፉ ላይ እየሳለ ያዳምጣል። አንዴም አላቋረጣትም። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ አዳምጧት አያውቅም።

ኮሌት እያለከለከች ደረሰች። «በቃ! አየህ አይደል? በቃ!»

«አየሁ» አለ ሮያል። «ስኪዬ የታለ?»

ኮሌት አክስቷን አየቻት። ኮሌት ለቅጽበት ያህል ቆመች፤ ከዚያ ከጭቃው ውስጥ ስኪውን ነቅላ፣ በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ፣ እግሩ ሥር አስተካክላ አስቀመጠችለት።

ወደ ገመዱ ሲመለሱ ሊዮና ኔልሰንን ጠራችው። «እኛ አናቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጥፋው። ሰዉንም ዝም አሰኝልኝ። ከኔ በቀር የሚሰማው ድምፅ እንዳይኖር።»

«ሰዉን? ዝም?» አለ ኔልሰን። «ሞተሩስ ይሻላል።» ግን ሄዶ ለሁሉም ነገረ።

ሁለተኛ ወጡ። አሁን ከፊቱ ቆመች። «ቀኝ ግራ አልልህም» አለችው። «ዝም ብዬ አወራለሁ። እኔ ባለሁበት መንገዱ አለ። ድምፄን ተከተል።»

«ምን ልታወሪ ነው?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። ጸጥታው ከታች ወደ ላይ ወጣ። ሊዮና ወረደች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምማ፣ ያንን አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ጸጥ ያሰኘ ድምፅ ለቀቀችው።

«ና እንግዲህ፣ አንተ ግትር ሽማግሌ! ጉልበትህን እጠፍ፣ ምሰሶ ነህ እንዴ? እንዲህ ነው! ክርንህ፣ ክርንህን ሰብስብ፣ ዶሮ መሰልክ! ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ ስትለኝ ኖረሃል፤ ዛሬ ተራዬ ነው! እዚህ ጋ ኔልሰን የገለበጠው ጉብታ አለ፣ ይሸታል፣ ከሸተተህ ደርሰሃል ማለት ነው፣ ላላ በል! ናልኝ፣ ናልኝ፣ አሁን እዞራለሁ፣ እየሰማኸኝ ነው? ወደዚህ ነኝ፣ ወደዚህ!»

የሮያል ፊት ወደ ድምፁ ዞረ፣ ከፊቱ ጋር ትከሻው፣ ከትከሻው ጋር ጉልበቱ። የአባታቸው መንገድ በቀኝ ሲጠራው አየችው፤ ሰውነቱ ለአንዲት አፍታ ሲያመነታ አየች። ከዚያ ያንን ሁሉ ዓመት ጥሎ ወደ እሷ መጣ። የስኪው ጠርዝ ጭቃውን ታክኮ አለፈ። የቀረችው ቁልቁለት ቀጥ ያለች ነች፤ ሊዮና ማውራቷን አላቋረጠችም፣ ምን እያለች እንደነበረ ግን ኋላ አላስታወሰችም። እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ እንባ ስለሞላ እሷም ብዙ አይታያትም።

ሮያል ግርጌው ላይ ስኪውን አግድሞ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ በረዶ ረጭቶ ቆመ።

ዝም። ማንም አላጨበጨበም። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በመዳፋቸው እንደያዙ ነበሩ፤ ዝም በሉ የተባሉት ሰዎች ተናገሩ እስኪባሉ እየጠበቁ ነው። ሮያል ጭንቅላቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረ።

«ምነው፣ ሰዉ ሁሉ ሄደ እንዴ?» አለ።

ያኔ የተነሳው ጩኸት የኔልሰንን ላሞች ከበረታቸው አስደነበረ። ሰው ላዩ ላይ ተረባረበ፤ እያንዳንዱ ስሙን እየጠራ ትከሻውን ይነካዋል፤ እሱም ለእያንዳንዱ የልጅነት ጥፋቱን እያነሳ ይመልሳል። «አንተ፣ አሁንም ወደ ኋላ ትንጋለላለህ?» «አንቺማ ገመድ መልቀቅ የምትፈሪዋ አይደለሽ?» ሊዮና ዳር ቆማ ሞተሯን ልታስነሳ ስትል ሮያል በሰዉ መሃል በእጁ መንገድ እየፈለገ መጣ። ምንም አላላትም። እጁን ወደ ራሱ ሰደደና ጭቃ የጠገበውን ቆቡን ከፍ አደረገላት።

ከሰዓት በኋላ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳው ጣፋጭ ሽሮፕ ፈልቶ፣ በሳህን በተሞላ በረዶ ላይ እየፈሰሰ እንደ ሙጫ ሲጠነክር ሰው በሹካ እየጠቀለለ በላ፤ ጣፋጩ ሲበዛበት የኮመጠጠ ኪያር ይገምጣል። ኮሌት አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ሹካውን ታስይዘዋለች።

«የሚመጣው ቅዳሜ በረዶ ይጥላል ይላሉ» አለች ወደ ምድሩ እያየች። «አክስቴ ከደከማት… እኔ ልጠራህ እችላለሁ።»

ሮያል አላመጠ፣ አላመጠና ዋጠ። «አንቺ ስትናገሪ ትፈጥኛለሽ» አለ። «እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ማስተማር ሊኖርብኝ ነው።»

በዚያ ሳምንት እውነትም በረዶ ጣለ፣ ብዙ። ከዚያ ወዲህ ሮያል ቾኬት ያለ ድምፅ ወርዶ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ኮሌት፣ አንድ ቅዳሜ ኔልሰን፣ አንዳንዴም መንደሩ አንድ ላይ ሆኖ ዳርና ዳር ተሰልፎ እየተቀባበለ ይጠራዋል። እሱ እንደሆነ በማንም አይረካም። ኔልሰን ቀልድ ስለሚያበዛ ያስቀኛል፣ ሰው ሲስቅ ይወድቃል ይላል፤ ቄሱ ሲጠሩ ስብከት ይመስላል ይላል። ሊዮና ስትጠራው ግን አንድም አቃቂር አውጥቶባት አያውቅም። የተጣላ ይመስል አፉን ገጥሞ፣ ፊቱን ወደ እሷ አቅንቶ፣ ይከተላታል።